ውኃ ከወጣ በኋላ

(ቀትር ላይ። ቢምረው ከጓሮው የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይቆፍራል፤ ሚስቱ ይታይሽ ከአፉ ላይ ቆማ የአፈሩን ባልዲ በገመድ ትስባለች፤ የመንደሩ ሰው በሙሉ ለቀብር ወጥቷል።)

ይታይሽ፦ አልስብም አልኩህ እኮ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት “የመጨረሻ ባልዲ” ሳብኩልህ? የእጄ ቆዳ ተልጦ አለቀ።

ቢምረው፦ ይኼ ግን የመጨረሻው ነው። እንትፍ በይበትና ሳቢ።

ይታይሽ፦ እፍኝ አፈር አላወጣልህም። ባልዲውን ልፍታና ገመዱን ብቻ ልላክልህ፤ ወገብህን እሰርና ውጣ።

ቢምረው፦ ለቀስተኛው ሳይመለስ መጨረስ አለብኝ። አንቺ በነገር ስትይዥኝ ፀሐይዋ ልትዞር ነው።

ይታይሽ፦ እሱንም አንሣው እንግዲህ። አያ ውበቴን የሚያህል ጎረቤት፣ አጥር ለአጥር የኖርነው ሰው፣ ሬሳው ሲወጣ ባል ጉድጓድ ውስጥ፣ ሚስት ጉድጓድ አፍ ላይ። ሰው ምን ይለናል?

ቢምረው፦ ቢምረው አሞት ተኝቷል፣ ሚስቱም እያስታመመችው ነው ይላል። ለእድሩ ዳኛ የላክሁበት እንዲያ ብዬ ነው።

ይታይሽ፦ በጤናህ በሽታ ጠራህ።

ቢምረው፦ ታዲያ በሌላ ቀን መች ሰው ይጠፋል? ዶማ ይዤ ወደዚህ ጉድጓድ ስጠጋ ያየኝ ሁሉ ሊጮህብኝ ነው። “ውኃ ከወጣ በኋላ ዶማ አይገባም” ብለው ይይዙኛል።

ይታይሽ፦ ደግ አደረጉ። አያ ደምሌ ምን ብሎ ነው የሄደው? ዕድሜውን ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። ውኃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስለት ዶማውን ወደ ላይ ወረወረ፣ ወጣ፣ መጀመሪያ የተቀዳውን ለአራቱ ማዕዘን ረጨና “ከእንግዲህ እዚህ ብረት እንዳይገባ፤ የተሰጣችሁ ይኼ ነው” አለ። ሰው ሁሉ በጣሳ ቀመሰና አሜን አለ። አንተም አሜን ብለሃል።

ቢምረው፦ አሜን ማለት ምን ይከብዳል። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም ይባላል?

ይታይሽ፦ እሱ መች መረቀ። አስጠነቀቀን እንጂ።

ቢምረው፦ ደምሌ ምን ቸገረው። ውኃ ካሳየ ሥራው አለቀለት፤ ዶማውን ተሸክሞ ሌላ ሰው ቤት ይሄዳል። ከውኃው ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።

ይታይሽ፦ “ከዚህ በታች አሸዋ ነው፤ አሸዋ እንደ አፈር አይቆምም፣ ይፈሳል” ብሎሃል።

ቢምረው፦ ውኃ ያለው እኮ አሸዋው ውስጥ ነው።

ይታይሽ፦ ውኃ ነበረህ፣ ቢምረው። ዛሬ ጠዋት ቀድተን ደፋነው እንጂ ነበረህ። ያንን የመሰለ ውኃ አጥር ሥር፣ መንገድ ላይ፣ እሾህ ላይ እያፈሰስኩ ደፋሁት። በውኃ ጥም ያደግሁ ሴት በእጄ ደፋሁት። የላሟ ጥጃ እንኳ ቆማ ታየኝ ነበር።

ቢምረው፦ ይመለሳል አልኩሽ። ከጠለቀለት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

ይታይሽ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።

ቢምረው፦ ተረቱን እራት ላይ ትነግሪኛለሽ። ሳቢ።

ይታይሽ፦ እራት እንድንበላ ነው የምለምንህ። ወደ ኋላህ ዙር እስቲ፣ በወንዝ በኩል ያለውን ግድግዳ እየው። ላንተ ጀርባህ ነው፤ እኔ ከላይ አየዋለሁ። ላብ አውጥቷል።

ቢምረው፦ ውኃ ቅርብ ሲሆን ግድግዳ ያልባል። ደስ ሊልሽ ነው የሚገባ።

ይታይሽ፦ ለእግርህ የፈለፈልከው መርገጫ ከጉድጓዱ ወገብ በታች ወድቋል። በምን ልትወጣ ነው? ከዚህ ገመድ በቀር መውጫ የለህም። ገመዱ ደግሞ አንድ ነው፤ ወይ ባልዲ ያወጣል ወይ አንተን።

ቢምረው፦ እንግዲያው መጀመሪያ ባልዲውን።

ይታይሽ፦ አይሆንም። መጀመሪያ አንተን።

ቢምረው፦ ስሚኝ። አፈሩ እግሬ ሥር ተከምሮ መቆሚያ አሳጥቶኛል። ይቺን ስበሽ ድፊያት፤ ከዚያ እወጣለሁ።

ይታይሽ፦ ማልልኝ።

ቢምረው፦ አያ ውበቴን።

ይታይሽ፦ ቀብሩን በቀረኸው ሰው ነው የምትምልልኝ?

ቢምረው፦ እሱ ዛሬ ማንንም አይታዘብም።

ይታይሽ፦ አፍህ እንኳ አይደክመው። ይኸው ሳብኩት። የት ልድፋው? ክምሩ ጉድጓዱ አፍ ድረስ መጥቷል፤ ከላዩ ብጨምርበት ተንዶ አንተው ላይ ነው የሚመለስ።

ቢምረው፦ ወዲያ ራቅ አድርጊው።

ይታይሽ፦ አሁን ራቅ? “ቶሎ ቶሎ በይ፣ እዚያው አጠገቡ ድፊው” ያልከኝ አንተ ነህ። ይኸው፣ ጎመኑ ላይ ደፋሁት። ባልዲውንም ፈታሁት። ገመዱ እየወረደ ነው፣ ያዝ።

ቢምረው፦ ባልዲውን ለምን ፈታሽ?

ይታይሽ፦ ማልክልኝ እኮ።

ቢምረው፦ ይታይሽ፣ አንዲት ድንጋይ አለች። ዶማው ሲነካት ሌላ ድምፅ ነው የምትሰጥ። እጄን ከጎኗ ሳስጠጋ ብርዱ አጥንቴን ነው የሚነካኝ። ከኋላዋ ነው ያለው። መልሰሽ እሰሪው።

ይታይሽ፦ ውሸታም ነህ ብልህ ደግሞ ትቆጣለህ።

ቢምረው፦ አልቆጣም። እሰሪው።

ይታይሽ፦ ገመዱን መልሼ ሰበሰብኩት። ባልዲውም እግሬ ሥር ነው። ከፈለግህ በጥፍርህ ጫር።

ቢምረው፦ እጫራለሁ።

ይታይሽ፦ ጫር።

ቢምረው፦ እየጫርኩ ነው።

ይታይሽ፦ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ አንተ? ይኼን ጉድጓድ ስንጀምር ምን አልከኝ? “ይታይሽ፣ ለመጠጥ ብቻ የምትሆን ትውጣልን እንጂ ሌላ አልጠይቅም” አልከኝ። ለመጠጥ ወጣች። በሳምንቱ “ለጎመን ብትተርፍ” አልክ። ለጎመን ተረፈች። ጎመኑ ሳይቀነጠስ ሽንኩርት አማረህ። ሽንኩርቱ ሳይተከል የውኃ መሳቢያ ሞተር አልክ። ሆድ ካገር ይሰፋል ሲሉ አላምንም ነበር፤ አሁን ከላይ ሆኜ አየሁት።

ቢምረው፦ ሽንኩርቱንስ ተይው። ሽንኩርት እኔ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ይታይሽ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ቢምረው፦ ትስቂብኛለሽ።

ይታይሽ፦ ሳቅ የት አለኝ።

ቢምረው፦ የማዶው ሰውዬ ሞተር ጠዋት ጠዋት ዱ ዱ ዱ ሲል ትሰሚያለሽ አይደል? መንገደኛ ሁሉ ቆሞ “ይኼ የማነው?” ይላል። እኔም ሳልጠየቅ ስሙን ነግሬ አውቃለሁ፣ እንደ አሽከሩ። ያ ድምፅ ከኔ ጓሮ እንዲሰማ ነው። አንድ ቀን ሰው ቆሞ “የማነው?” ቢል “የቢምረው ነው” እንዲባል።

ይታይሽ፦ ለድምፅ?

ቢምረው፦ ለድምፅ። ደምሌ ያወጣት ውኃ ለሞተር አትሆንም፤ አንድ ጊዜ መጥጧት አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ይታይሽ፦ ለድምፅ ብለህ ነው እኔን መበለት የምታደርገኝ?

ቢምረው፦ ነግሬሻለሁ፣ ትስቂብኛለሽ ብዬ።

ይታይሽ፦ እየሳቅሁ ነው እንዴ? ስማኝ እስቲ፤ ሞተሩ ቢመጣስ ታርፋለህ? ያኔ ደግሞ የማዶው ሰው ሌላ ነገር ያመጣል። የሰው ዓይን አፈር ካልሞላው አይጠግብም ይሉ የለም? አንተ እኮ ሳትሞት አፈሩ ውስጥ ገባህለት።

ቢምረው፦ ውኃዋ የወጣች ቀን የጠገብኩ መስሎኝ ነበር። የእውነቴን ነው። ሰው መርቆን ከሄደ በኋላ እዚህ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ወደ ውስጥ እያየሁ ሳቅሁ። በማግስቱም ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ እጄ በራሱ በእንጨት ጥልቀቷን ለካ። ማን ለካት አለኝ? ከዚያ ወዲያ ሳልለካ ያደርኩበት ቀን የለም። ዛሬ ስንት ናት፣ ትናንት ስንት ነበረች፣ ነገ...

ይታይሽ፦ ቢምረው።

ቢምረው፦ አቤት።

ይታይሽ፦ ተጠጋ። ከወንዝ በኩል ካለው ግድግዳ ተጠጋ፣ ማለቴ ሽሽ። ሽሽ አልኩህ፣ ተናደ! ቢምረው? ቢምረው? አንተ ሰውዬ፣ ተናገር። አቧራው አላሳይ አለኝ። ቢምሬ? ኧረ በማርያም፣ ሳል እንኳ፣ ሳል እንጂ።

ቢምረው፦ ...አለሁ።

ይታይሽ፦ የታለህ? የት ነህ?

ቢምረው፦ ወዴት እሄዳለሁ። እዚሁ ነኝ። ትከሻዬን መታኝ። እግሬ እስከ ጉልበቱ ተቀብሯል።

ይታይሽ፦ አንዱ ነው ሁለቱም?

ቢምረው፦ አንዱ። ሌላውን አወጣሁት።

ይታይሽ፦ ኡኡ ልበል።

ቢምረው፦ እንዳትይ።

ይታይሽ፦ ለምን አልልም?

ቢምረው፦ አሞት ተኝቷል የተባለ ሰው ከጉድጓድ ሲወጣ ልታሳዪኝ ነው?

ይታይሽ፦ ሞተህም ታፍራለህ? ደግሞ ብጮህስ ማን ሊሰማኝ። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። አያ ውበቴን እያለቀሱ የኔን ኡኡታ ከለቅሶው አይለዩትም። ቢሰሙኝስ? ቀብር ለቀረ ሰው ማን ሮጦ ይመጣል? እኛ ዛሬ ሰው አልቀበርንም፤ እኛንስ ማን ይቅበረን? አስበኸዋል እሱን?

ቢምረው፦ አታልቅሽ። እንባሽ ፊቴ ላይ እየወረደ ነው።

ይታይሽ፦ ላብ ነው።

ቢምረው፦ ላብም ቢሆን ጥረጊው። አሁን ረጋ በይና ባልዲውን መልሰሽ እሰሪው። ለመቆፈር አይደለም፤ እግሬን የያዘውን አፈር እንዳወጣ ነው። በክምሩ በኩል እንዳትረግጪ፣ በዋንዛው ዛፍ በኩል ዙሪ።

ይታይሽ፦ ዞርኩ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ። ...ይኸው። እየወረደ ነው።

ቢምረው፦ ደረሰኝ። ...ሳቢ።

ይታይሽ፦ ይኼንንስ እስባለሁ። ያመሃል?

ቢምረው፦ ሲነካኝ ነው። ድገሚልኝ።

ይታይሽ፦ ይኸው። ቢምሬ፣ አውራኝ። ዝም ስትል ልቤ ይወርዳል። ያሻህን አውራ።

ቢምረው፦ አንቺ አውሪኝ። አንቺ ምንም አትፈልጊም? ከተጋባን ጀምሮ ይኼ አማረኝ ስትይ ሰምቼሽ አላውቅም። ሳቢ።

ይታይሽ፦ አንተን በሕይወት። ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

ቢምረው፦ እሱ ዛሬ የመጣ ነው። ከዛሬ በፊት ያለውን ንገሪኝ።

ይታይሽ፦ ከዛሬ በፊት... ምን አለኝ። ሴት ልጅ ሥራዋ ነው የሚያስፈልጋት።

ቢምረው፦ እግሬን እስካወጣ አውራኝ አልሽ፤ ይኸው እኔ ጠየቅሁሽ።

ይታይሽ፦ እትዬ ሰርካለምን ታውቃታለህ አይደል? ከኛ ጉድጓድ በፊት ውኃ የምቀዳው ከሷ ደጅ ነው። ገና ሳይነጋ እንስራዬን ይዤ እቆማለሁ። ጉድጓዷ ሞልቶ እያየሁት “ቆይ፣ ገና አልጠለለም” ትለኛለች። እንግዶቿ ሲመጡ ይቀዳሉ፣ ጠሎ ይቆያቸዋል። እኔ ስመጣ አይጠልም። ልጅ በጀርባዬ አዝዬ “ቆይ” ትለኛለች። እኔም እቆያለሁ። እንስራው ባዶ ሆኖ ሳለ ይከብደኝ ነበር፣ ይገርምሃል።

ቢምረው፦ አልነገርሽኝም።

ይታይሽ፦ ብነግርህ ምን ታደርጋለህ? ትጣላና እሷንም ትከለክለኛለች። ታዲያ እዚያ ቆሜ ሁልጊዜ አስብ ነበር፤ አንድ ቀን እኔ የውኃ ባለቤት ብሆን፣ ሰው እንስራውን ይዞ ደጄ ሲመጣ “ግቡ፣ ቅዱ” እላለሁ እያልኩ። ማንንም ቆይ አልልም እያልኩ።

ቢምረው፦ ሰርካለም ብትመጣስ?

ይታይሽ፦ ...እሷን ጥቂት ቆይ እላታለሁ።

ቢምረው፦ አልጠለለም ብለሽ?

ይታይሽ፦ አልጠለለም ብዬ።

ቢምረው፦ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል። አየሽ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ይታይሽ፦ እኔ ግን ለዚያ ብዬ ሰው ጉድጓድ አልከትም። አሁን እንዳትስቅ፣ ግድግዳው ይነቃነቃል። ደግሞ ደምሌ ያወጣልን ለኛው እንጂ ለሰው የሚተርፍ አልነበረም። እኔም ይሁን ብዬ ተውኩት። መተው ይቻላል፣ ቢምሬ። ይኸው እኔ ትቼው የለ?

ቢምረው፦ ወጣ። እግሬ ወጣ።

ይታይሽ፦ ተመስገን። ትቆምበታለህ?

ቢምረው፦ እቆማለሁ። ...ይታይሽ፣ ልክ ነሽ። አሁን ያ አፈር ሲመታኝ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ሞተሩን አላሰብኩም። ጥጃዋን ሳላስር መውጣቴን ነው ያሰብኩት። ሰው ምን ያህል ጅል ነው። በቃኝ። ደምሌ እንዳለው ይሁን፤ ጉድጓዱ ያመነጨውን እንጠጣለን። ባልዲውን ፍችና ገመዱን ላኪልኝ።

ይታይሽ፦ አፍህን ይባርከው። ዋንዛው ላይ አጥብቄ አስሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ታገሠኝ፣ ቋጠሮው ረጥቦ ጠብቋል።

ቢምረው፦ እስክትፈቺ ዶማዬን ላውጣበት፤ ድንጋይዋ ሥር ተቀብሯል።

ይታይሽ፦ ዶማው ይቅር። ተወው አልኩህ።

ቢምረው፦ ሳብኩት፣ መጣልኝ። ...ይታይሽ።

ይታይሽ፦ ምን ሆንክ?

ቢምረው፦ ድንጋይዋ ተነቃነቀች።

ይታይሽ፦ ራቅ ከሷ።

ቢምረው፦ ውኃ ነው። ከሥሯ እየገፋ ነው። ኧረ ይኼ ሌላ ነው። ቁርጭምጭሚቴን አለፈው።

ይታይሽ፦ ድፍርስ ነው?

ቢምረው፦ እንደ መስተዋት ነው። የእግሬን ጣቶች አያቸዋለሁ። ገመዱን ላኪ፣ ይታይሽ፤ አሸዋውን ከግድግዳው ሥር እየጠረገው ነው።

ይታይሽ፦ እየፈታሁ ነው። ብዙ ነው?

ቢምረው፦ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ገመዱን።

ይታይሽ፦ ለሰው ይተርፋል? መንደሩ ሁሉ መጥቶ ቢቀዳ ማለቴ ነው።

ቢምረው፦ ድንጋይዋ ብትነሣ መንደሩን አጥግቦ ይተርፋል። አሁን ግን በጎኗ ሾልኮ ነው የሚወጣ። አሸዋው ዳግመኛ ከደፈነው ይጠፋል። ይጥፋ። ከኋላዬ አፈሩ ሲወርድ ይሰማኛል። ላኪልኝ አልኩሽ እኮ።

ይታይሽ፦ ትልቅ ናት?

ቢምረው፦ ማን?

ይታይሽ፦ ድንጋይዋ።

ቢምረው፦ የእንስራ ያህል ናት። ግማሿ ተነቅሏል። ይታይሽ፣ እየፈታሽ ነው?

ይታይሽ፦ ግማሿ ተነቅሏል?

ቢምረው፦ ተነቅሏል። ምን ያደርግልሻል? ትከሻዬ ተመቷል፣ እግሬ አያምነኝም፣ ግድግዳው አበጠ። አውጪኝ።

ይታይሽ፦ እየላክሁልህ ነው። ይኸው እየወረደ ነው።

ቢምረው፦ ...ይታይሽ፣ ይኼ እኮ ባልዲው ነው። አልፈታሽውም።

ይታይሽ፦ ገመዱ የት ይሄዳል፣ ቢምሬ። የቀረችውን ግማሿን ገፋ አድርጋትና ትመጣለህ።